ሦስት ጊዜ የተመረቀው ሠርግ

በዚያ ቀን በግቢው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም፣ ከእንሴኖ ወዲያ ካለው መንደራቸው በማለዳ የመጡ። ከእሳቸው ግራና ቀኝ የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፤ አንደኛው የሰፈራችን የዕድር ዳኛ የነበሩ፣ ሁለተኛው የጎረቤቴ የበርበሬ ነጋዴዋ አባት። ጎረቤቴ ራሷ፣ አዲስ ሻርፕ አድርጋ። ለሠርግ እንደሚለበሰው ለብሳችሁ ኑ ተብለው ከሰፈር የተጠሩ ዐሥራ አንድ ሴቶች። ከአዲስ አበባ ከመጡት ውስጥ ዳይሬክተሩ፣ ካሜራ የያዘው ሰው፣ በረጅም ዘንግ ጫፍ ጸጉራም ማይክ አንጠልጥሎ የሚቆመው፣ ፊት የምትቀባው ልጅና ሙሽራ ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ። ሙሽሪት ልጄ ነበረች። እኔ ከሴቶቹ መካከል በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጬ ነበር።

ማንንም ሳልዘል የምጽፈው ኋላ ላይ ማን ሰማ፣ ማን አሜን አለ የሚል ክርክር ስለተነሣ ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል የሞቱት የት እንደተቀበሩ አውቃለሁ። ያሉትም የት እንዳሉ ቢጠየቅ ይገኛል። የማላውቀው የልጄን ብቻ ነው።

ቡታጅራ ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ሙያው የባሌ ነው። እሱ ሲሞት የስፌት መኪናውን ልሽጠው ወይስ ልቀመጥበት ብዬ ሦስት ቀን አሰብኩና ተቀመጥኩበት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቁጥርና ልክ መጻፍ ስለምችል ግን ሥራው አላስቸገረኝም። ልጄ ያኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ከእሷ በቀር ሌላ ስላልነበረኝ ከዓይኔ አላርቃትም። ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። ወንዝ ሞላ ሲባል፣ መኪና ተገለበጠ ሲባል፣ ትኩሳት ገባ ሲባል መጀመሪያ የምጠራው የእሷን ስም ነው። ትልቅ ሰው ሆናም እንደዚያው ነበርኩ። «እማ፣ እኔ እኮ ዕቃ አይደለሁም፣ አልሰረቅም» ትለኝ ነበር።

እኔና ባሌ ገና ስንጋባ ጌታን ተቀብለናል። እኛ ቤት ዘፈን አይከፈትም። ልጄ የምትዘምረው በቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ቡድን ነበር። ጋሼ የምላቸው የባሌ ወንድም ግን በአባቶቻቸው እምነት የቀሩ ሰው ናቸው። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ባሌ ከሞተ ጀምሮ በየወሩ እየመጡ ይጠይቁናል፤ ጎመንም ቆጮም ሳይዙ መጥተው አያውቁም። የልጄ አባት እሳቸው ነበሩ ብል አላጋነንኩም።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ዳይሬክተሩ አንድ ትልቅ ማዳበሪያ ሙሉ ልብስ አሸክሞ በረንዳዬ ላይ መጣ። ኮፍያ ያደረገ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነው። የአንዲት ዘፋኝ የሕይወት ታሪክ ፊልም ሊሠሩ ነው። ሴትየዋ የእኛው አገር የገጠር ልጅ ነች። እንሰት ስትፍቅ የምታንጎራጉረውን ዜማ ይዛ አዲስ አበባ ወጥታ፣ መጀመሪያ ሰው ስቆባት፣ በኋላ በካሴት አገር ሁሉ ያወቃት። ያለፈቃዷ ተድራ፣ ከባሏ ቤት ጠፍታ በበርበሬ መኪና ላይ ተሳፍራ ነው የሄደችው አሉ። ከአዲስ አበባ ያመጧቸው ቀሚሶች ለእኛ አገር ሴት ልክ አይደሉም፤ ወገባቸው ጠባብ፣ ጫፋቸው አጭር ነው። እንድፈታና እንዳስረዝም ሰጠኝ።

ልጄ ከኋላዬ በከሰል ካውያ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትተኩስ ነበር። ስትተኩስ ሳታውቀው ታንጎራጉራለች። ያን ቀን የያዘችው መዝሙር አልነበረም፤ የአባቷ እናት እንሰት ሲፋቅ ከሴቶቹ ጋር ይሉት የነበረውን ዜማ ነበር። ዳይሬክተሩ ስለ ቀሚስ መናገሩን አቆመ።

«ይቺ ማናት?»

«ልጄ ናት።»

«ይህን ድምፅ ሰምተውታል?»

«በየቀኑ እሰማዋለሁ። አንዳንዴ ሥራ ያስፈታታል።»

«አይ እናቴ፣ እርስዎ ለምደውት ነው» አለና ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ፣ እስቲ ከመጀመሪያው በይው።»

ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔ ካውያውን አየሁ፤ ልብሱ ላይ እንዳትረሳው ፈራሁ። «በይው» አልኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ያቺን ቃል ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ከከፍተኛው ቦታ በፊት ትንፋሿን በአፍንጫዋ ሳብ ታደርጋለች። የመዘምራኑ አሠልጣኝ ያችን ትንፋሽ ሊያስተዋት ብዙ ደክሞ ነበር። ዳይሬክተሩ ግን እዚያች ቦታ ላይ ስትደርስ ኮፍያውን አወለቀ።

የዘፋኟን የልጅነት ዕድሜ እንድትጫወት ጠየቁኝ። አልተኛሁም፣ ጸለይኩ፣ ጎረቤቴን አማከርኩ። ጎረቤቴ «ወላሂ እኔን ቢጠይቁኝ ዛሬውኑ ነበር የምሄደው፤ ችግሩ የእኔን ፊት የሚፈልግ የለም» አለችኝ። በመጨረሻ በቅድመ ሁኔታ ፈቀድኩ። እያንዳንዱን ቀን እኔ እገኛለሁ። ማንም ወንድ እጇን አይይዝም። የምትለብሰውን ሁሉ እኔ እሰፋዋለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ትገባለች። ዳይሬክተሩ ሁሉንም እሺ አለ፣ እንዳለውም አደረገ። በዚህ አልወቅሰውም። እኔ ያላሰብኩት ሽማግሌዎቹን ነው።

ለሠርጉ ትዕይንት ከአዲስ አበባ ሽማግሌ ሆነው የሚጫወቱ ሰዎች ሊያመጣ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ግን የባሌን ወንድም በረንዳዬ ላይ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠው አያቸው። «ይህን የመሰለ ፊት ትቼ ጺም የምለጥፈው ለምንድን ነው?» አለ። ጋሼም ነገሩ ደስ አላቸው። የወንድማቸው ልጅ በሳጥን ውስጥ ልትታይ ነው ተብለው ነበር፤ እሳቸውም ከጎኗ መታየታቸው አኮራቸው። የሚሉትን በወረቀት ሊሰጣቸው ሲል «እኔ ምርቃት ከወረቀት አላነብም» አሉት። እሱም «እንግዲያው አባባ፣ እንደ ልማድዎ ይበሉ» አለ።

ሲቀመጡ ሙሽራውን ወደ ፊታቸው ጠሩት።

«የማን ልጅ ነህ?»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። «የፊልም ልጅ ነው፣ አባባ።»

«አባት የለውም?»

ተዋናዩ ጨዋ ልጅ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ «አለኝ አባባ፣ ኮልፌ ነው ያለው» አለ።

«እሺ፣ ኮልፌም ሰው አለ» አሉ ጋሼ። ሴቶቹ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ከዚያ ዝም ተባለ። ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። በጉራጊኛ መረቁ። ውለዱ፣ ክበዱ፣ እንሰታችሁ ይፋፋ፣ ደጃችሁን ሰው አይጣው አሉ። እዚህ ላይ ቢያበቁ ደግ ነበር። ነገር ግን ድምፃቸው ተለወጠና ማንም ያላዘዛቸውን ጨመሩ። «ይቺ የወንድሜ ልጅ ናት። አባቷ አፈር ውስጥ ነው። በእሱ ስም፣ በእሱ ፈንታ ሰጥቻለሁ፤ እሱም ከዚያው ሆኖ አሜን ይበል።» የባሌን ስም በሙሉ እስከ አያቱ ጠሩ።

ግቢው በሙሉ አሜን አለ። እኔም አልኩ። ሽማግሌ እጁን ሲዘረጋ እጄን ዘርግቼ አሜን ያላልኩበት ቀን በዕድሜዬ የለም። ካሜራ እንዳለ ረሳሁ። የባሌን ስም ስሰማ እንባዬም መጣ። ዳይሬክተሩ ኋላ ላይ «የእርስዎ እንባ ፊልሙን አዳነው» ብሎ አመስግኖኛል።

አሜን ብለን ሳንጨርስ ከአጥሩ ውጪ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ። ድምፁ ተበላሽቷል፣ ይደገም ተባለ። ጋሼ ደገሙት፤ የወንድማቸውን ስም ሳይቀር። ሁለተኛው ላይ ደመና መጣና ብርሃኑ ጠፋ። ሦስተኛውን ሲጨርሱ ጋሼ ከዘራቸውን መሬት መቱ።

«አንተ ሰው፣ ስንት ጊዜ ነው የምድራት?»

ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ጎረቤቴ ጎኔን ነካ አድርጋ «አንቺዬ፣ ልጅሽ በአንድ ቀን ሦስቴ ተዳረች፣ የእኔዋ አንዴ አቅቷት ተቀምጣለች» አለችኝ።

ከዚያ ልጄ ሙሽሪት ከእናቷ ቤት ስትወጣ የምትለውን ዘፈን ዘፈነች። እያየች የዘፈነችው እኔን ነበር። ፊልም ሠሪዎቹ በሳምንቱ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ዳይሬክተሩ ሲሰናበት የልጄ ድምፅ አዲስ አበባ በስቱዲዮ በደንብ እንደሚቀዳ፣ ፊልሙ ሲወጣ ካሴትም ሊሠራላት እንደሚችል ነገራት። እሷም ያን ቃል እንደ ዕንቁላል በሁለት እጇ ይዛው ከረመች።

ወሬው መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ዘፈን ዘፍናለች ተብሎ ለሦስት ወር ከመዘምራን ቡድን ታገደች። እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር ከእኔ ጋር ትቀመጥ ነበር። ቡድኑ ሲዘምር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አታወጣም። ይህ ያልፋል ብዬ ቻልኩት።

ያላለፈው የሚቀጥለው ነው። ወልቂጤ የሚያስተምር አንድ መምህር ነበር። ወላጆቹ እዚያው የእንጨት ሥራ ያላቸው፣ እንደ እኛው ወንጌላውያን ናቸው። ከልጄ ጋር በጉባኤ ተዋውቀው ይዋደዱ ነበር። ሐምሌ ላይ አባቱ ሁለት ሰዎች አስከትለው በሽምግልና መጡ። እኔ ቤቱን ሦስት ጊዜ ጠረግኩት። የሚሰጣት አባት ቦታ ላይ ጋሼ ተቀመጡ። ሰዎቹ ተናግረው ሲጨርሱ ጋሼ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«ከሰጠኋት በኋላ ነው የመጣችሁ» አሉ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ጋሼ፣ ያ እኮ ፊልም ነው።»

«ፊልሙ የእነሱ ነው። ምርቃቱ የእኔ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ከአፌ አምልጦኝ ነው እል ነበር። ሦስት ጊዜ የወንድሜን ስም ጠርቼበታለሁ። አንቺም ቁጭ ብለሽ አሜን ብለሻል።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«ያ የኮልፌው ልጅ ይምጣ። ፊቴ ቆሞ፣ ልጅዎን መልሻለሁ ይበለኝ። ያን ጊዜ የሰጠሁትን እፈታለሁ፣ ለእነዚህም እመርቃለሁ። በምርቃት ላይ ምርቃት ደርቤ የወንድሜን ልጅ ማሕፀን አልዘጋም።»

የመምህሩ አባት ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቁም። አንገታቸውን ነቀነቁና «እሳቸው ያሉት ይሁን፤ ሲፈታ ላኩብን፣ እንመጣለን» ብለው ተነሡ። ልጄ ከጓዳ በር ሆና ሁሉንም ሰምታለች። እንግዶቹ ሲወጡ «እማ፣ አንቺም ታምኚበታለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላምንም ማለት ነበረብኝ። መጋቢው ቢባርካቸው ይበቃ ነበር። ነገር ግን ልጅ ሳይወልዱ የቀሩ፣ በወለዱ ማግስት የሞቱ ሴቶች በዓይኔ ፊት ተሰለፉ። «ይምጣና ይፍታው፣ ምን ይጎዳል?» አልኳት።

ሰውየውን ማን ያምጣው የሚለው ቀረ። ጋሼ አዲስ አበባን አያውቁትም። እኔ ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ የዩኒፎርም ሥራ እስከ ጣሪያ ተከምሮብኝ ነበር፤ ቃል የገባሁላቸው ወላጆች በር ላይ ይመላለሳሉ። ልጄ «እኔ እሄዳለሁ፣ ድምፄንም ይቀዱልኛል» አለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት ያለእኔ ከእንሴኖ አልፋ አታውቅም። እኔ፣ እስከ ውሃ ቧንቧ ድረስ የምከተላት እናት፣ የነሐሴ መጨረሻ ላይ መናኸሪያ ወስጄ በእጄ አሳፈርኳት።

«ከሰው ምግብ አትቀበዪ።»

«እሺ።»

«ቦርሳሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ። መስኮት አጠገብ አትቀመጪ፣ ብርድ ይመታሻል።»

«ከመሃል ስቀመጥ ደግሞ ሰው ይጫንሻል ትያለሽ። ጣሪያው ላይ ልውጣ?»

«አትቀልጂ።»

«እማ፣ ሁለት ቀን ነው። ባሌን ይዤ እመጣለሁ» ብላ ሳቀችብኝ። አጠገቧ የተቀመጡት ሰዎች እውነት መስሏቸው እንኳን ደስ አለዎት አሉኝ።

መርካቶ ያረፈችው የጎረቤቴ እህት ቤት ነው። ስልክ የምትደውለው ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን ደወለች፤ ተዋናዩ ለሌላ ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቷል፣ እስኪመለስ ልጠብቅ አለች። በስድስተኛው ቀን ደወለች። «እማ፣ ስቱዲዮ አስገቡኝ! ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርገው የራሴን ድምፅ አሰሙኝ። የእኔ አይመስልም፣ ግን የእኔ ነው። እንዴት ብዬ ልንገርሽ...»

«ሰውየው መጣ ወይ?» አልኳት።

«አልመጣም» አለች።

ያን ስልክ ሺህ ጊዜ በሐሳቤ ደግሜዋለሁ። ድምፅሽ እንዴት ነበር፣ ምን ዘፈንሽ፣ ሰዎቹ ምን አሉሽ ብዬ እጠይቃታለሁ። እሷም ትነግረኛለች። ከዚያ እነቃለሁ።

ሦስተኛ ጊዜ የደወለችው በጳጉሜ ነው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ሰውየው ነገ ይመጣል» አለች። ምን ሆነሻል ስላት ጉንፋን ነው አለች። ከዚያ በኋላ ስልክ የለም። የጎረቤቴ እህት ስትጠየቅ፣ ልጅቷ በማግስቱ ቦርሳዋን ይዛ «ወደ ቡታጅራ መሄዴ ነው» ብላ መውጣቷን ነገረችን። አገሩ ለአዲሱ ዘመን መብራት ሲያበራ እኔና ጎረቤቴ አዲስ አበባ መናኸሪያ ውስጥ ከመኪና መኪና እየዞርን ፎቶ እናሳይ ነበር። ፖሊስ ጻፈልን። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሰው ናት፣ በፈቃዷ ሄዳ ይሆናል» አሉን። አድራሻውን በወረቀት የያዝኩት የፊልም ሠሪዎቹ ቢሮ ጋ ስንደርስ በዚያው ሳምንት ለቀውታል ተባልን፤ በሩ ላይ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የሚል ተለጥፏል። የት እንደሄዱ የሚያውቅ አጣን። ሆስፒታል ዞርን። የሬሳ ክፍል ጎረቤቴ ገባችልኝ፣ እኔ አልቻልኩም። ወጥታ «የለችም፣ አልሐምዱሊላህ» ስትለኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሚያዝያ ላይ መምህሩ ላከብኝ። ፊልሙ ቅዳሜ ወልቂጤ አዳራሽ ውስጥ ይታያል፣ ሠሪዎቹም ይመጣሉ አለ። በጠጠሩ መንገድ በአንዲት ሚኒባስ ተጫጭነን ተራራውን ተሻግሬ ሄድኩ። መምህሩ ቦታ ይዞልኝ አጠገቤ ተቀመጠ። በዕድሜዬ ሲኒማ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መብራቱ ጠፋና ልጄ መጣች። ግድግዳ በሚያህል ጨርቅ ላይ፣ ፊቷ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ። እንሰት ስትፍቅ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ስትስቅ። የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ፣ በግራ ትከሻው ላይ ያጠበብኩት ቦታ ሳይቀር ይታያል። «አምላኬ፣ እነሆ አገኘኋት» አልኩ በልቤ፤ ሞኝነት ቢሆንም እንደዚያ ነው የተሰማኝ። ከዚያ ሠርጉ ደረሰ። ጋሼ መረቁ። እኔ ራሴን አሜን ስል አየሁት። አዳራሹ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ሰዎችም አብረው አሜን አሉ።

ልጄ ወደ እኔ ዞራ አፏን ከፈተች። የወጣው የሌላ ሴት ድምፅ ነበር።

ወፍራም፣ ያማረ፣ የተማረ ድምፅ። እዚያ ከፍተኛው ቦታ ላይ አፍንጫዋ ትንፋሿን ሲስብ አያለሁ፤ የምሰማው ግን ያን ትንፋሽ የማያውቅ ሰው ነው። ሰዉ አጨበጨበ። መምህሩ ክንዴን ያዘኝ፤ ምን እንዳየሁ ገብቶት ነበር። ዘፋኟ ጠፍታ ሄደች፣ አዲስ አበባ ገባች፣ ታወቀች። ከዚያ በኋላ የምትጫወተው ሌላ ተዋናይ ስለሆነች አላየሁትም።

ሲያበቃ ዳይሬክተሩና ተዋናዩ መድረክ ላይ ወጥተው ሰዉን አመሰገኑ። በሰው መሃል ተጋፍቼ ወጣሁ። ተዋናዩ አይቶኝ ደስ አለው። «እማማ! ሙሽራዬስ ደኅና ናት?» አለ።

እሱ የሚያውቀው ቤቷ እንዳለች ነው። ስነግረው ፊቱ ላይ ያለው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። እሱም እንዲህ አለኝ። ልጄ ያን የመጨረሻ ስልክ በደወለችበት ቀን ቢሮ መጥታ አግኝታዋለች። እንሴኖ መጥተህ ለአጎቴ መልሻለሁ በልልኝ አለችው። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ሥራ ላይ ስለነበር አሁን መምጣት አልችልም፣ ግን በጽሑፍ ልስጥሽ ብሎ «የተሰጠችኝን ልጅ መልሻለሁ» ብሎ ጽፎ ፈረመላት። ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው።

«ከዚያስ?»

ተዋናዩ ወደ ዳይሬክተሩ አየ። ዳይሬክተሩ ኮፍያውን በእጁ ያዞር ጀመር። «እናቴ፣ ድምፅዋ በጣም ጥሩ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡን ያወጣው ሰው የታወቀ ድምፅ ፈለገ። እኔ ልነግራት አስቤ ነበር። ሳልነግራት በሚቀጥለው ክፍል ፊልሙን ሲከፍቱት ሰማችው።»

«ምን አለች?»

«ምንም። ውሃ ጠየቀችን። ጠጣች፣ ብርጭቆውን መለሰች፣ አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። እኔ ወደ እርስዎ የመጣች መስሎኝ ነበር።»

እንድሰድበው የጠበቀ ይመስለኛል። የተዋናዩን እጅጌ ያዝኩና «ነገ ከእኔ ጋር እንሴኖ ትሄዳለህ» አልኩት። ምን እንደማገኝበት አላውቅም። አንድ ቋጠሮ እንኳ ከተፈታ ሌላው ይፈታል ብዬ ነው መሰለኝ። ልጁ እምቢ አላለም። ቀሪ ሥራውን ትቶ መጣ፤ መምህሩም አብሮን መጣ።

ጋሼ እንሰታቸው ውስጥ ነበሩ። በዚያ ዓመት በጣም አርጅተዋል። ተዋናዩ ፊታቸው ቆሞ ጫማውን አወለቀ፤ ማንም አላዘዘውም። «አባባ፣ የሰጡኝን ልጅ መልሻለሁ። አልነካኋትም። በዚያን ቀን ስላልመጣሁ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

ጋሼ ከኋላችን ሌላ ሰው የሚመጣ ይመስል ወደ መንገዱ አዩ። «እሷስ? እሷ በሌለችበት ምኑን ነው የምፈታው?»

ከዘራቸውን እንሰቱ ላይ አስደግፈው እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው አፈር ነበረው። «ከእጄ ወጥታ በአንተ እጅ ያልገባች የወንድሜ ልጅ፣ ባለችበት ትፈታ። ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ቢቆጠርም በእኔ ይቆጠር» አሉ። አራታችን ብቻ ነበርን። አሜን አልን። ከዚያ እኚያ ትልቅ ሰው ወደ እኔ ዞረው «አሁን ትመጣለች?» ብለው ጠየቁኝ።

ትመጣለች አልኳቸው። በየወሩ ሲመጡም ያንኑ ይጠይቁኝ፣ ያንኑ እላቸው ነበር። በሦስተኛው ዓመት ሞቱ። መምህሩ ሁለት ዓመት ጠብቆ አገባ፤ አልወቅሰውም፣ በእኛ ዘንድ ሕፃን ክርስትና ስለማይነሣ ሁለተኛ ልጁን ለጸሎት ሲያቀርባት የለበሰችውን እኔ ነኝ የሰፋሁት።

ወሬ አላቋረጠም። ሆሳዕና ታይታለች ሲሉኝ ሆሳዕና ሄድኩ። ቤይሩት ናት ሲሉኝ ከቤይሩት የተመለሱትን እየዞርኩ ጠየቅኩ። አዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤት ትዘፍናለች ያለኝም አለ። እንደዚያ ያለ ቤት ደፍ ረግጬ አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ ሲለማመዱ ግን በር ላይ ቆሜ አዳምጥ ጀመር። ዘበኞቹ ማንን ነው የሚፈልጉት ይሉኛል። ልጄን ስላቸው ይገቡና ጠይቀው ይመጣሉ። አንዱ ጋ ወንበር አውጥተውልኛል። የቤተ ክርስቲያኔ ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ ዝም ብለውኛል።

ይህን የምጽፈው ፊልሙን ያዩ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ነው። ሲዲው በየመናኸሪያው ተሸጧል። በመጀመሪያው ክፍል ላይ እንሰት የምትፍቀው፣ የምትዳረው ልጅ የእኔ ናት። አሁን ሠላሳ ሊሞላት ነው። ቀይ ዳማ፣ ረዘም ያለች፣ በግራ ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ አላት። አጎቷ በሕይወት ሳሉ ፈትተዋታል፤ እኔም አልተቀየምኳትም። ያያት ወይም የሰማት ሰው ካለ፣ በሕይወት መኖሯን ብቻ ቢሆንም፣ እባካችሁ ንገሩኝ።